የይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ

(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ግድግዳ ቤትን ከነፋስና ከዝናም ከመከለል በቀር ሌላ ጥቅም የሌለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አተኵሮ ለሚመለከተው ግን ግድግዳ እንደ ታሪክ መጽሐፍ የሚነበብ ነገር ነው። አገሩ ምን ዓይነት አፈርና ድንጋይ እንዳለው፥ ጫካው ምን ዛፍ እንደሚያበቅል፥ ሠሪዎቹ ጥበቡን ከማን እንደ ተማሩ፥ ከዚህም በላይ ምን ይፈሩና ምን ተስፋ ያደርጉ እንደ ነበር ይናገራል። ዛሬ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በኢምፔሪያል በኩል ወደ ገርጂ የሚሄድ ሰው በግራም በቀኝም የሚያየው ከብረት፥ ከሲሚንቶና ከመስተዋት የተሠራ ፎቅ ነው። ይህ ሕንፃ ጠንካራና ጠቃሚ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን አሠራሩ በየአገሩ ተመሳሳይ ስለ ሆነ፥ ቤቱን ብቻ አይቶ የቆመበትን አገር ማወቅ ያስቸግራል። በጥንቱ ዘመን ግን እንዲህ አልነበረም።

ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በመካከለኛው ዘመን የተሠሩ ሁለት አብያተ ክርስቲያናትን እንመለከታለን። አንደኛው በፈረንሳይ አገር በአልቢ ከተማ የሚገኘው፥ በጡብ የተሠራው የቅድስት ሴሲል ካቴድራል ነው። ሁለተኛው በላስታ ተራሮች መካከል በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዋናው ነገራችን የኛው ነው። ይሁን እንጂ የሌላውን አገር ሥራ አይተው ወደ ራስ ቤት ሲመለሱ፥ ዘወትር ሲታይ የኖረው ነገር ሁሉ እንደ አዲስ ስለሚታይ፥ በመጀመሪያ ስለ አልቢ ጥቂት እንናገራለን። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአልቢው ካቴድራል

አልቢ በደቡብ ፈረንሳይ በታርን ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያ አውራጃ ካታር የሚባሉ፥ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተለየ እምነት የያዙ ሰዎች ተነሥተው ነበር። እምነታቸውን ለማጥፋት በ1209 የተጀመረው ጦርነት እስከ 1229 ድረስ ሃያ ዓመት ቆየ። ብዙ ከተማ ፈረሰ፤ ብዙ ሕዝብም አለቀ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ቢሆን በጳጳሳቱና በሕዝቡ መካከል የነበረው ቅሬታ በቶሎ አልበረደም። በርናር ደ ካስታኔ የተባለው ጳጳስ በ1282 የአዲሱን ካቴድራል ሥራ ያስጀመረው እንግዲህ በዚህ ዓይነት ጊዜ ነው።

ስለ ምን በጡብ ተሠራ? ቢሉ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በወንዙ ዳር የሸክላ አፈር እንደ ልብ ይገኛል። በእሳት የተተኰሰ ጡብም ከጥርብ ድንጋይ ይልቅ በርካሽና በፍጥነት ይሠራል። በዚህ ላይ ጡብ ቅርጻ ቅርጽና ጌጥ ስለማይበዛበት፥ ግድግዳው ቀጥ ብሎ የወጣ፥ ለዓይን የከበደ ይሆናል። የሚፈለገውም ይኸው ነበር። ካቴድራሉን ከሩቅ የሚያይ ሰው የጸሎት ቤት ሳይሆን ምሽግ መስሎ ይታየዋል። መስኮቶቹ ጠባብና ከፍ ብለው የወጡ ናቸው፤ በግድግዳው ላይ ያሉት ክብ ክብ ድጋፎች የግንብ ማማ ይመስላሉ፤ የደወሉ ግንብ ብቻውን 78 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በሰሜን ፈረንሳይ ያሉት ታላላቅ ካቴድራሎች ከውጭ በሚታዩ የድንጋይ ቅስቶች የተደገፉ ናቸው። በአልቢ ግን ድጋፎቹ ወደ ውስጥ ገብተው በመካከላቸው ትንንሽ የጸሎት ክፍሎች ተሠርተውባቸዋል። የውስጡ ርዝመት 97 ሜትር፥ ወርዱ 19 ሜትር ያህል፥ የጣራው ከፍታ 30 ሜትር ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽ ሆኖ የተሠራው ሕዝቡ ሰባኪውን ሳይጋረድ እንዲያይና ቃሉን እንዲሰማ ነው።

ውስጡ ከውጩ ፈጽሞ የተለየ ነው። በምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሣለ የመጨረሻው ፍርድ ታላቅ ሥዕል ይታያል። ጣራውን ከ1509 እስከ 1512 ድረስ ከኢጣልያ የመጡ ሠዓሊዎች በሰማያዊና በወርቅ ቀለም አስጊጠውታል። በመካከሉም እንደ ዳንቴል ተፈልፍሎ የተሠራ የድንጋይ መጋረጃ ቆሟል። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ይህ መጋረጃ ሊፈርስ ታስቦ ሳለ፥ ማርዬስ የተባለ አንድ መሐንዲስ ለአገሩ ሚኒስትር ደብዳቤ ጽፎ በመከራከሩ ዳነ። የአንድ ሰው ደብዳቤ የብዙ ጠራቢዎችን ድካም ሊያድን መቻሉን አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለንና።

አልቢ እንግዲህ ከሩቅ እንዲታይና እንዲያስፈራ የተሠራ ነው። አሁን ደግሞ አጠገቡ እስኪደርሱ ድረስ የማይታየውን የኛን ቤት እንመልከት።

በዋሻ ውስጥ ያለው ቤት

ከቦሌ በአውሮፕላን የተነሣ ሰው ወደ አንድ ሰዓት ያህል በሚሆን ጊዜ ላሊበላ ይደርሳል። ከዚያ በስተሰሜን ምሥራቅ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ፥ በጥድ ጫካ የተከበበ ሰፊ ዋሻ አለ። የመኪና መንገድ ሳይወጣለት በፊት በእግርና በበቅሎ ብቻ ይደረስ ነበር። በዋሻው አፍ ላይ በቅርብ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ካብ ስላለ፥ መንገደኛው በሩን አልፎ እስኪገባ ድረስ ምንም አያይም። ከገባ በኋላ ግን፥ ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ፥ ነጭና ጥቍር ረድፍ እየተፈራረቀበት የወጣ ግድግዳ ከፊቱ ቆሞ ያገኛል። ይህ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ይምርሐነ ክርስቶስ የሚለው የግዕዝ ስም «ክርስቶስ ይምራን» ማለት ነው። ስሙ የንጉሡም የቤተ ክርስቲያኑም ነው። ንጉሡ በ12ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት የዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይምርሐነ ክርስቶስን፥ ቅዱስ ሐርቤን፥ ላሊበላንና ነአኵቶ ለአብን ቅዱሳን ነገሥታት ብላ ታከብራቸዋለች። ይምርሐነ ክርስቶስ ክህነትን ከንግሥና ጋር አስተባብሮ የያዘ ሰው እንደ ነበረ ገድሉ ይተርካል። መቃብሩም በዚያው ዋሻ ውስጥ ነው። ከሕንፃው ጀርባ በጨለማው ክፍል የብዙ ሰዎች አፅም ተኝቶ ይገኛል፤ እነዚህም ከሩቅ አገር መጥተው በዚያ ያረፉ ምእመናን እንደ ሆኑ በትውፊት ይነገራል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ደግሞ የንጉሡ መኖሪያ ነበር የሚባል ሌላ ሕንፃ አለ።

ይህ ቦታ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከ1520 ጀምሮ ለስድስት ዓመታት ያህል በአገራችን የቆየው የፖርቱጋል ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዋሻውንና ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ በመጽሐፉ ጽፏል።

ግድግዳው እንዴት ተሠራ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከአክሱም ዘመን ጀምሮ በአገራችን ሲሠራበት የኖረው የግድግዳ አሠራር እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ እስከ ተወሰነ ቁመት ድረስ ይደረደራል። በዚያ ላይ የተጠረበ ወፍራም አግዳሚ እንጨት አንዱ በውጭ ገጽ፥ አንዱ በውስጥ ገጽ በግድግዳው ርዝመት ይጋደማል። ሁለቱ አግዳሚዎች እንዳይለያዩ አጫጭር እንጨቶች የግድግዳውን ውፍረት እያቋረጡ ያያይዟቸዋል። በእንጨቱ ላይ እንደገና ድንጋይ ይደረደራል፤ በድንጋዩ ላይ ደግሞ እንጨት ይጋደማል። ሥራው እንዲህ እየተፈራረቀ እስከ ጣራው ይደርሳል። በብዙ ሥራ ላይ የአጫጭሮቹ እንጨቶች ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጥቶለታል። በይምርሐነ ክርስቶስ የድንጋዩ ረድፍ በነጭ ልስን ተለስኗል፤ እንጨቱ ግን በዕድሜ ጠቍሮ እንዳለ ይታያል። ነጭና ጥቍር ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። ግድግዳውም ከዳር እስከ ዳር ለጥ ያለ አይደለም፤ እንደ አክሱም ሕንፃዎች ሁሉ ገባ ወጣ እያለ የተሠራ ነው።

ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተደረገ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ጭቃ እንደ ሲሚንቶ ድንጋይን አጥብቆ አይዝም። የጣራው ክብደት በአንድ ወገን የበዛ እንደ ሆነ፥ ወይም መሬቱ በአንድ ቦታ የሰመጠ እንደ ሆነ፥ በጭቃ የተሠራ ካብ ይሰነጠቃል። አግዳሚው እንጨት ግን ክብደቱን ለግራና ለቀኝ ያካፍላል፤ ግድግዳው ሊከፈት ሲል ደግሞ እንደ መቀነት አጥብቆ ይይዘዋል። ገበሬ በጎጆው ግድግዳ ላይ ማገር የሚያስረው በዚሁ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት መሬት ቀድሞ ውሃ የነበረበት እንደ ሆነ፥ ከመሠረቱም ሥር እንጨት እንደ ተነጠፈ በትውፊት መነገሩን ስናስብ፥ ሠሪዎቹ እንዲህ ያለውን አሠራር የመረጡበት ምክንያት የበለጠ ይገባናል።

በኢምፔሪያል አካባቢ ፎቅ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ጥበብ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ግንበኞቹ ሲሚንቶውን ከማፍሰሳቸው በፊት ፌሮ የሚባለውን ብረት በረዥሙና በአጭሩ እያሰሩ ይዘረጋሉ። የጠነከረ ሲሚንቶ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። መሳቡን የሚችልለት በውስጡ ያለው ብረት ነው። የላስታ አናጢዎች እንጨትን ለድንጋይ ያደረጉት፥ የዛሬው መሐንዲስ ብረትን ለሲሚንቶ እንደሚያደርገው ነው። ዕቃው ተለወጠ እንጂ አሳቡ ተመሳሳይ ነው።

ወደ ውስጥ ስንገባ

ቤተ ክርስቲያኑ ከብዙዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት የተለየ ነው፤ ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። ውስጡ በዓምዶችና በቅስቶች ለሦስት ረድፍ ተከፍሏል። መካከለኛው ረድፍ ከጎንና ጎኖቹ ከፍ ያለ ሲሆን፥ ጣራው እንደ ኮርቻ በሁለት ወገን ያዘነበለ ነው። በጎንና በጎን ያለው ጣራ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ በአራት ማዕዘን ክፍሎች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በልዩ ልዩ ሐረግና መስቀል አጊጧል። በመቅደሱ ላይ ክብ ጣራ አለ። መስኮቶቹ በእንጨትና በድንጋይ ፍርግርግ የተዘጉ ናቸው፤ የፍርግርጉም ቅርጽ ከመስኮት ወደ መስኮት ይለያያል። በግድግዳው ላይ የሚታዩት ሥዕሎች በአገራችን እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የግድግዳ ሥዕሎች በዕድሜ ከቀደሙት የሚቈጠሩ ናቸው።

ከጌጦቹ አንዳንዶቹ በግብፅ ክርስቲያኖችና በእስላም ጥበበኞች ሥራ ላይ የሚታየውን የተጠላለፈ ሐረግ ይመስላሉ። ገድሉና ትውፊቱም ለሕንፃው የሚሆን ዕቃ ከግብፅ መጥቶ እንደ ነበረ ይናገራሉ። ይህ ሊያሳፍረን የሚገባ ነገር አይደለም። የአልቢን ጣራ የሣሉትም ከኢጣልያ የመጡ ሰዎች ናቸው። የሠለጠነ አገር ከጎረቤቱ የሚማርና የተማረውን ከራሱ ጋር የሚያዋሕድ ነው።

ይህ ቤት የሚመሰክረው

አንባቢ ሆይ፤ የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እንዲህ ያለው ጥበብ ከየት መጣ? የሚል ነው። አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ብቻቸውን ሊሠሩት አይችሉም እስከ ማለት ደርሰዋል። ለዚህ ነገር ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ ነው።

ወደ ቤተ አማኑኤል ሄደው ግድግዳውን ይመልከቱ። ቤተ አማኑኤል ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ነው፤ ስለዚህ የሚያያይዘው እንጨት አያስፈልገውም። ሆኖም ጠራቢዎቹ የእንጨቱንና የድንጋዩን ረድፍ፥ ገባ ወጣ ያለውንም ገጽ፥ በአለቱ ላይ ቀርጸው አውጥተውታል። ስለ ምን ደከሙ? ቢባል፥ በእነርሱ ዓይን የእግዚአብሔር ቤት መልኩ ይህ ስለ ነበረ ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሰን አክሱም ብንሄድ፥ በሐውልቶቹ ላይ በር፥ መስኮት፥ አግዳሚ እንጨትና የዝንጀሮ ራስ በድንጋይ ተቀርጸው እናገኛለን። በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 እንደገና የቆመው፥ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት እንኳ የዚህ ዓይነት ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ሥዕል ነው። እንግዲህ አክሱም በአንድ ወገን፥ ላሊበላ በሌላ ወገን ሆነው ሁለቱም የእንጨትና የድንጋይ ቤትን በአለት ላይ ሲቀርጹ፥ በመካከላቸው ቤቱ ራሱ፥ እንጨቱ እንጨት፥ ድንጋዩም ድንጋይ ሆኖ፥ በላስታ ዋሻ ቆሞ ይገኛል። ጥበቡ በድንገት የወረደ ወይም ከባሕር ማዶ የተገዛ አለመሆኑን፥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አይገኝም።

ብዙዎቹ ጠፍተዋል

የዚህ ዓይነት ቤቶች ግን ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው። እንጨት ይቃጠላል፤ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። ታላቋ የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን በ1535 በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጥላለች። የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ እስከ ዛሬ የሚታይበት ዝነኛው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በትግራይ አለ፤ ወደ አምባው የሚወጣው በገመድ ነው፤ ሕንፃውም አርጅቶ ስለ ነበረ በ1948 ታድሷል። በጋይንት የምትገኘው የቤተልሔም ማርያም ደግሞ ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌሎቹ ክብ የሣር ክዳን ቤት ትመስል ነበር። በ1955 ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን፥ በክዳኑ ሥር ባለ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ ተሸፍኖ አገኘ። የአካባቢው ካህናት ግን ሁልጊዜም ያውቁት ነበር።

ይምርሐነ ክርስቶስ ለምን ዳነ? ጣራው ሌላ ጣራ ስላለው ነው። ዋሻው ዝናምንና ፀሐይን ይከለክልለታል። ተራራው ከመንገድ ያርቀዋል። ከሁሉ በላይ ግን በየዘመኑ የነበሩት ካህናትና የአካባቢው ሕዝብ ስለ ጠበቁት ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

አሁን ግን መንገዱ ተከፍቷል፤ ከአገር ውስጥም ከውጭም ጎብኚ ይመጣል። ይህ ለአካባቢው ሕዝብ ጥቅም፥ ለአገርም ክብር ነው። ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል። የብዙ ሰው እጅ የዳሰሰው ሥዕል ቀለሙ ይለቃል። የጧፍና የሻማ ጭስ ጣራውን ያጠቍረዋል። ከመሬት የሚመጣው እርጥበት ደግሞ የእንጨቱን ሥር ቀስ በቀስ ያበሰብሰዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን በቅን ልቡና የሚደረግ እድሳት ነው። የተሰነጠቀውን ልስን በሲሚንቶ መድፈን ቀላልና ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሲሚንቶ እርጥበትን እንደ ጭቃ ወደ ውጭ ስለማያስተነፍስ፥ ውሃው በውስጥ ታምቆ እንጨቱን ይጎዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ቤት ላይ እጁን የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ አሠራሩን የሚያውቅ ሊሆን ይገባዋል።

ሌላም ነገር አለ። ግድግዳውን ለመጠበቅ ግድግዳውን መሥራት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። እንጨትን ያለ ምስማር ከእንጨት ጋር የሚያጋጥም አናጢ፥ ጭቃን ከጭድ ጋር በልኩ የሚያቦካ ለሳኝ በየአውራጃው ዛሬም አይጠፋም፤ ብዙዎቹ ግን አርጅተዋል፤ ልጆቻቸውም የብሎኬትና የፌሮ ሥራ ይዘዋል። ልጆቹን የሚወቅስ የለም፤ እንጀራ በዚያ ስለሚገኝ ነው። ቢሆንም የሕንፃ ትምህርት የሚማሩ ወጣቶቻችን ከነዚህ ሽማግሌዎች እግር ሥር ጥቂት ጊዜ ቢቀመጡና ያዩትን ቢጽፉት፥ አገራችን ከገንዘብ የሚበልጥ ሀብት ታተርፋለች።

ሁላችን መሐንዲሶች ልንሆን አንችልም። የአልቢውን የድንጋይ መጋረጃ ያዳነው ግን ብረትና ሲሚንቶ ሳይሆን አንድ ደብዳቤ መሆኑን ቀደም ብለን ተናግረናል። አንባቢ ወደ ላስታ የመሄድ ዕድል ቢያገኙ፥ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ቆመው ግድግዳውን ሳይነኩ በዓይናቸው ይቍጠሩት፤ ድንጋይ፥ እንጨት፥ ድንጋይ፥ እንጨት እያሉ እስከ ጣራው ይውጡ። የተበላሸ ነገር ያዩ እንደ ሆነ ለካህናቱና ለቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ ያስታውቁ። ልጆች ይዘው የሄዱ እንደ ሆነም ሰፈራቸው ሲመለሱ አዲስ በሚሠራ ፎቅ አጠገብ አቁመው፥ ፌሮ የሚያስረውን ሠራተኛ እያሳዩ፥ አያቶቻችን ይህን በእንጨት ይሠሩት ነበር ብለው ይንገሯቸው።